ከጭንቀት ወደ ምርመራ፤ የኤች አይ ቪ ጥርጣሬ እንዴት ይቋጫል?

በኤች አይ ቪ ጥርጣሬ የሚጨነቁ ሰዎች በአብዛኛው ከሁለት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው ወገን ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል እያሰበ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከምርመራ የሚሸሽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ ከተነገረው በኋላ ውጤቱን ማመን አቅቶት ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው የሚመላለስ ነው። የመጀመሪያው መልሱን ፈርቶ ጥያቄውን ይሸሻል፤ ሁለተኛው መልሱን አግኝቶ ጥያቄውን አይተውም። ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ፣ ሥራቸውን ይበድላሉ፣ ከቤተሰባቸውም ይርቃሉ።

ይህን ጭንቀት ለማብቃት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ እንደሚያስፈልግ የጤና ባለሙያዎች ይገልጻሉ። እነዚህም የተፈጸመው ድርጊት በእርግጥ ቫይረሱን የሚያስተላልፍ መሆን አለመሆኑ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሆነው እና ምርመራው አስተማማኝ መልስ መስጠት የሚችልበት ቀን መቼ እንደሆነ ናቸው። እነዚህን ሳይለዩ በግምት መኖር ግን ጭንቀቱን ያራዝመዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሊገኝ የሚችለውን እርዳታ ጊዜው እንዲያልፍበት ያደርጋል።

ጭንቀቱ ይህን ያህል የከበደበት ምክንያት አለው። በኢትዮጵያ የቫይረሱ መኖር በደም ናሙና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መድኃኒት ባለመኖሩ ‹‹ቫይረሱ አለብህ›› መባል እንደ ሞት ፍርድ ይቆጠር ነበር። ብዙ ቤተሰቦች ወጣት ልጆቻቸውን ቀብረዋል፤ ሕፃናት ያለ አሳዳጊ ቀርተዋል፤ የበሽታውን ስም መጥራት እንኳ ያሳፍር ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ከመሠረቱ ቢለወጥም፣ በዚያ ዘመን በኅብረተሰቡ ልብ ውስጥ የገባው ፍርሃት ግን በዚያው ፍጥነት አልወጣም። ዛሬ ምርመራ የሚፈራ ሰው በአብዛኛው የሚፈራው የዛሬውን ሳይሆን የያኔውን በሽታ ነው።

ከጥርጣሬ ለመውጣት የሚረዳው የመጀመሪያው እርምጃ የመተላለፊያ መንገዶቹን በትክክል ማወቅ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በወንድ ዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልትና በፊንጢጣ ፈሳሽ እንዲሁም በእናት ጡት ወተት አማካይነት ነው። ከነዚህ አንዱ ቫይረሱ ካለበት ሰው ወጥቶ ወደ ሌላው ሰው ደም፣ ወደ ቁስል ወይም እንደ ብልት ወዳለ ስስ የሰውነት ክፍል መግባት ይኖርበታል። በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በጋራ መጸዳጃ ቤት በመጠቀም፣ በላብ፣ በእንባ ወይም በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም። የሚያስጨንቀው ነገር ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ሰውዬው የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ሳይሆን ትክክለኛ መረጃ ነው።

ተጋላጭነት በኖረ ጊዜም ቢሆን መጋለጥና መያዝ አንድ አይደሉም። በጥናቶች ላይ የተመሠረቱ ግምቶች እንደሚያመለክቱት፣ ቫይረሱ በደሙ ካለና ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ያለ ኮንዶም በብልት በኩል የሚደረግ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሴቷ የማስተላለፍ ዕድሉ ከ10 ሺህ ወደ 8፣ ወደ ወንዱ ደግሞ ከ10 ሺህ ወደ 4 ያህል ነው። በፊንጢጣ በኩል በሚደረግ ግንኙነት ለተቀባዩ ወገን አደጋው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሥራ ላይ ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ለተወጋ የጤና ባለሙያ ደግሞ ዕድሉ ከ1 ሺህ ከ2 እስከ 3 ያህል ይገመታል። ይሁን እንጂ የአባላዘር በሽታ ወይም ቁስል ካለ፣ ወይም ቫይረሱ ያለበት ሰው በቅርቡ የተያዘ ከሆነ አደጋው በእጅጉ ይጨምራል። ግንኙነቱ በተደጋገመ ቁጥርም ዕድሉ እየተደማመረ ይሄዳል። አኃዞቹ ለቸልተኝነት ምክንያት አይሆኑም፤ ነገር ግን ‹‹አንዴ ሆኗልና አልቆልኛል›› ለሚል ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት እንደሌለው ያሳያሉ።

በፀጉር አስተካካይ ቤት፣ በጥፍር መቁረጫ ወይም በምላጭ የመቧጨር ጉዳይም ብዙዎችን ያስጨንቃል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ለአየር ሲጋለጥና ሲደርቅ አቅሙን በፍጥነት ያጣል። በመሆኑም የፀጉር መቁረጫ ማሽን ቆዳን በጥቂቱ በመጫሩ ምክንያት የመያዝ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። አደጋው ከፍ የሚለው ትኩስ ደም የነካው ስለት ወይም በውስጡ ደም የቀረበት መርፌ ወዲያውኑ በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው። ባልተቀቀለ መሣሪያ የሚፈጸም ግርዛት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ጥርስ ማስነቀልና ንቅሳት እስከ ዛሬም እንዲቀሩ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ተጋላጭነቱ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ሰዓት ነው። ድርጊቱ ከተፈጸመ 72 ሰዓት ካላለፈ፣ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል ሕክምና አለ። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ ‹‹ፔፕ›› እየተባለ የሚጠራው ይህ ሕክምና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን ለ28 ተከታታይ ቀናት መውሰድን ይጠይቃል። መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር የመከላከል አቅሙ ይጨምራል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይመከርም።

ሕክምናው ቀደም ሲል በዋናነት ይታወቅ የነበረው በሥራ ላይ በመርፌ ለተወጉ የጤና ባለሙያዎችና የመደፈር ጥቃት ለደረሰባቸው ወገኖች ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ግን አጋጣሚው በሥራ ላይም ይሁን ከሥራ ውጭ የተጋላጭነቱ ዓይነት እየታየ እንዲሰጥ መክሯል። በተለይ የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ልጅ ጉዳዩ በሕግ እስኪታይ መጠበቅ አይኖርባትም። ሕክምናው ከፖሊስ ምርመራ ጎን ለጎን፣ ወይም ከዚያ በፊት መጀመር አለበት፤ ከኤች አይ ቪ ሌላ ያልተፈለገ እርግዝናንና የአባላዘር በሽታዎችን መከላከልም ይቻላል። በኀፍረት ወይም በቤተሰብ ምክር ሦስት ቀን ማሳለፍ ሊመለስ የማይችል ዕድል ማጣት ነው።

72 ሰዓቱ ካለፈ ቀጣዩ ጥያቄ ‹‹መቼ ልመርመር?›› የሚለው ይሆናል። ይህን ለመረዳት የምርመራውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በጤና ጣቢያዎች በስፋት የሚሠራበትና ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን አይደለም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ ነው። ሰውነት ይህን አምርቶ በምርመራ ሊታይ እስከሚችል ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ባለሙያዎች ‹‹የመስኮት ጊዜ›› የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውዬው ተይዞ ቢሆን እንኳ ምርመራው ነፃ ነው ሊል ይችላል፤ ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው ለማስተላለፍ ግን የመስኮት ጊዜው አያግደውም።

አንቲቦዲን የሚፈልጉ ምርመራዎች ቫይረሱ ከገባ ከ23 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊለዩት ይችላሉ። በላቦራቶሪ ከደም ሥር በሚወሰድ ደም አንቲቦዲንና የቫይረሱን ፕሮቲን በአንድነት የሚፈልገው ምርመራ ደግሞ ከ18 እስከ 45 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለያል። በብዙዎች ላይ አንቲቦዲው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ስለሚታይ፣ በስድስተኛው ሳምንት ተመርምሮ ነፃ የሆነ ሰው መልካም ዜና አግኝቷል ማለት ይቻላል። የመጨረሻውን እርግጠኛ መልስ በፈጣን ምርመራ የሚያገኘው ግን ሦስት ወር ሲሞላ ነው። ‹‹ፔፕ›› የወሰደ ሰው የምርመራ ቀጠሮውን ሕክምናውን ከሰጠው ባለሙያ ጋር መወሰን ይኖርበታል።

ይህ ማለት ሦስት ወር እስኪሞላ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ወዲያውኑ መመርመር ከአሁኑ አጋጣሚ በፊት የነበረውን ሁኔታ ያሳያል። ከዚህ ቀደም ሳያውቅ ተይዞ የቆየ ሰውም ካለ ወዲያውኑ ሕክምና እንዲጀምር ያስችላል። ስለዚህ የምክር አገልግሎት ሰጪዎች የሚመክሩት አሁን አንድ ጊዜ፣ የመስኮት ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ አንድ ጊዜ መመርመርን ነው።

በመጠባበቂያው ጊዜ ብዙዎች የሚሳሳቱት በሰውነታቸው ላይ ምልክት በመፈለግ ነው። እውነት ነው፣ ቫይረሱ ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንድ ሰዎች ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታና የንፍፊት ማበጥ ይታይባቸዋል። ሆኖም እነዚህ ምልክቶች ከጉንፋንና ከሌሎች ብዙ በሽታዎች አይለዩም፤ ምንም ምልክት የማይታይባቸውም ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ጭንቀት ራሱ ሰውነትን ያውካል። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተዘጋበትና ልቡ ሌት ተቀን የሚመታበት ሰው ክብደት ይቀንሳል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ሆዱ ይታወካል፤ ይደክመዋል። እነዚህኑ ምልክቶች የበሽታው ማረጋገጫ አድርጎ ሲወስዳቸው ጭንቀቱ ይብሳል፤ ጭንቀቱ ሲብስ ምልክቶቹ ይጨምራሉ። ‹‹አልማዝ ባለጭራ›› እየተባለ የሚጠራው የቆዳ ሕመምም እንደ እርግጠኛ ምልክት ሲቆጠር ይታያል። ሕመሙ የሚመጣው ቀደም ሲል የጉድፍ በሽታ ካስከተለው ቫይረስ ዳግም መቀስቀስ ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ በሌለባቸው ሰዎችም ላይ ይወጣል። የታየበት ሰው ቢመረመር ይመከራል፤ ከምርመራው በፊት ግን ምንም ነገር አያረጋግጥም።

ስለሆነም በሰውነት ምልክት ‹‹ተይዣለሁ›› ብሎ መደምደም እንደማይቻል ሁሉ፣ በጤነኛ መልክም ‹‹ነፃ ነኝ›› ማለት አይቻልም። የባልን ወይም የሚስትን ውጤት አይቶ የራስን መገመትም እንዲሁ አያስተማምንም። አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ነፃ የሆነባቸው ጥንዶች በርካታ በመሆናቸው እያንዳንዱ የራሱን ውጤት ማወቅ ይኖርበታል።

የመጠባበቂያውን ጊዜ ለማለፍ የሚረዱ ተግባራዊ እርምጃዎች አሉ። የመጀመሪያው የምርመራውን ቀን ቆርጦ መያዝ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ጥበቃ ቀኑ ካልታወቀው ይቀልላል። ሁለተኛው ጉዳዩን ለአንድ ምስጢር ጠባቂ ሰው፣ ለጓደኛ፣ ለወንድም ወይም ለእህት፣ አለዚያም ለጤና ባለሙያ መንገር ነው። ሦስተኛው ውጤቱ እስኪታወቅ ሌላውን መጠበቅ ነው፤ ከግንኙነት መታቀብ ወይም ኮንዶም መጠቀም፣ ‹‹በዚያውም ይመረመርልኛል›› በሚል ሐሳብ ደም አለመለገስ፣ የምታጠባ እናት ከሆነች ደግሞ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ማማከር ያስፈልጋል። ጭንቀቱን በመጠጥ ወይም በጫት ለማስታገስ መሞከር እንቅልፍን ያዛባል፤ ለሌላ ተጋላጭነትም በር ይከፍታል። ጭንቀቱ ከሥራ የሚያስቀር፣ ምግብና እንቅልፍ የሚከለክል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚያመጣ ከሆነ የምርመራው ቀን እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም። ጭንቀቱ ራሱ ሕክምና አለውና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አማካሪዎች በተደጋጋሚ የሚያስተውሉት ሌላው ጉዳይ የጭንቀቱ መጠን ከአደጋው መጠን ጋር ሁልጊዜ የማይመጣጠን መሆኑን ነው። ለምሳሌ ከትዳሩ ውጭ አንድ ጊዜ፣ ያውም በኮንዶም ተጠቅሞ ግንኙነት የፈጸመ ሰው ለዓመታት ሲሰቃይ፣ ዘወትር ለአደጋ የሚጋለጠው ግን ያለ ሐሳብ ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያውን ሰው የሚያሰቃየው ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ጸጸቱም ነው። ጸጸት ደግሞ በደም ምርመራ አይታይም። የላቦራቶሪ ውጤት ‹‹ቫይረሱ በደሜ አለ ወይስ የለም?›› ለሚለው ጥያቄ እንጂ ‹‹ባደረግሁት ነገር እንዴት ልኑር?›› ለሚለው መልስ አይሰጥም። ለሁለተኛው ጥያቄ እንደየእምነቱ የነፍስ አባትን ወይም የሃይማኖት አባትን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያን፣ አንዳንዴም የትዳር ጓደኛን ማነጋገር ያስፈልግ ይሆናል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ እያንዳንዱን ወደሚመለከተው ሰው መውሰድ ሸክሙን በእጅጉ ያቃልላል።

ወደ ምርመራው ክፍል የሚገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ማወቁም ፍርሃቱን ይቀንሳል። ምርመራው በፈቃደኝነት የሚደረግ ነው፤ ውጤቱ በምስጢር ይያዛል፤ ከምርመራው ጋር ምክር ይሰጣል፤ ውጤቱ ትክክለኛ እንዲሆን በተወሰነው ሥርዓት መሠረት ይሠራል፤ እንደ ውጤቱም ተመርማሪው ከመከላከል ወይም ከሕክምና አገልግሎት ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል። ምርመራው በመንግሥት የጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የፈጣን ምርመራው ውጤት በዚያው ዕለት ይታወቃል። በመጀመሪያው መመርመሪያ ቫይረሱ ያለ የሚመስል ውጤት ቢታይ እንኳ ያ ብቻውን የመጨረሻ ውጤት ተደርጎ አይነገርም፤ በሌሎች የተለያዩ መመርመሪያዎች ይረጋገጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የሚመክረው በሦስት ተከታታይ መመርመሪያዎች እንዲረጋገጥ ነው።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለሚከብደው ሰው ድድን በማበስ በራስ የሚደረግ ምርመራም አለ። መመርመሪያው ከአፍ ውስጥ የሚፈልገው አንቲቦዲን እንጂ ቫይረሱን አይደለም፤ ስለዚህ ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል ማለት አይደለም። የመስኮት ጊዜው ለዚህም ይሠራል። በራስ ምርመራ ቫይረሱ አለ የሚል ምልክት የታየው ሰው በጤና ተቋም ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በመውሰድ ላይ የሚገኝ ሰው ግን ውጤቱ ሊያሳስተው ስለሚችል በዚህ መመርመሪያ መጠቀም የለበትም።

ከመስኮት ጊዜው በኋላ የተደረገ ምርመራ ነፃ መሆኑን ካሳየና ሌላ አዲስ ተጋላጭነት ከሌለ ጉዳዩ ተዘግቷል። እንደገና መመርመር ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ‹‹ላቦራቶሪው ተሳስቶ ቢሆንስ?›› የሚለው ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል፤ አምስተኛው ውጤትም ከመጀመሪያው የበለጠ አያሳምንም። እንዲህ ላለው ሰው የሚጠቅመው ሌላ የደም ምርመራ ሳይሆን የአእምሮ ጤና ባለሙያን ማነጋገር ነው። ለተጋላጭነት ሁኔታ የሚመለስ ሰው ግን በየጊዜው መመርመርና ስለመከላከያ ዘዴዎች ማማከር ይኖርበታል።

ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠ ሰው ደግሞ የሚገባው በ1980ዎቹ ወደነበረው ዓለም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ የበሽታ መከላከል አቅሙ እስኪወርድ ሳይጠበቅ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ሕክምናን ቀድሞ መጀመር ቫይረሱ ወደ ትዳር ጓደኛ የመተላለፉን ዕድል በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ በመድኃኒቱ ምክንያት የቫይረሱ መጠን በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ የደረሰ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ አረጋግጠዋል። ያለ ሕክምና ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ማድረግ ይቻላል። እነዚህን ጥቅሞች ማግኘት የሚችለው ግን ራሱን ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

መገለልን መፍራት አሁንም ከምርመራ የሚያስቀር ምክንያት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የለሽ አይደለም። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። እንደ የተስፋ ጎህ እና መቅድም ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖች ፊታቸውን ሳይሸሽጉ በአደባባይ እንዲናገሩ መንገድ ከፍተዋል። ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሄድ የሚያስቡ ዜጎችም የኤች አይ ቪ ምርመራ ከጉዞው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ በመሆኑ፣ ገንዘብ ከማውጣታቸውና ዕዳ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ምክር በሚሰጥበት የጤና ተቋም ተመርምረው ራሳቸውን ቢያውቁ ይመረጣል።

‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› እንዲሉ፣ በጥርጣሬ ተሸሽጎ መኖር ለማንም አልጠቀመም። በጥርጣሬ ላይ ያለ ሰው በቅድሚያ ሰዓቱን ይቁጠር። 72 ሰዓት ካልሞላው ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ካለፈው የምርመራ ቀኑን ቆርጦ ይያዝ፤ ቀኑ ሲደርስ ይመርመር፤ ውጤቱን ይቀበል። ነፃ ከሆነ ጥንቃቄውን ይዞ ወደ ኑሮው ይመለስ፤ ቫይረሱ ከተገኘበት ደግሞ ሕክምናውን ሳይውል ሳያድር ይጀምር።